ጤና አዳም የሸተተው እንቁላል

ሄርሚኒያ እንቁላል ስትገዛ ያያት ሰው ምራት እየመረጠች ይመስለዋል። የወንዙ ጉም ገና ከጣሪያዎቹ ላይ ሳይነሣ ከተማው ጫፍ ወዳለው የኦቲሊያ ግቢ ትሄድና ከእንቁላል ቅርጫቱ ፊት ቁጢጥ ትላለች። ከዚያ በኋላ ጥድፊያ የለም። መጀመሪያ ቅርፊቱን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካገኘች ቃል ሳትተነፍስ ትመልሰዋለች። ቀጥሎ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ቀስ አድርጋ ትነቀንቃለች፤ ውስጡ ከተንቦጫረቀ እሱም ይመለሳል። በመጨረሻ ታሸተዋለች። ኦቲሊያ ዶሮ ስታረባ ያረጀች ሴት ናት፤ ሄርሚኒያ ደግሞ የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሣችላት አበልጇ ናት። ቢሆንም ይህን ሁሉ ምርመራ በየሳምንቱ እያዩ ዝም ማለት ከኦቲሊያ ተፈጥሮ ውጭ ነው።

«አበልጄ፣ እንቁላል ነው እኮ! ጆሮሽ ላይ የምትለጥፊው ምን ሊያወራሽ ነው?»

«የሚያወራኝንማ ያወራኛል» አለች ሄርሚኒያ ዓይኗን ሳታነሣ። «ይሄ ለምሳሌ ‹ኦቲሊያ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከታች ደብቃኝ ነበር› እያለኝ ነው።»

«ውሸታም! ትናንት የተጣለ ነው።»

«እንግዲያው ትናንት አርጅቶ ነው የተጣለው። ሌላ አምጪ።»

ኦቲሊያ እየሳቀች እየተሳደበች ሌላ ታመጣለች። አንድ ጊዜ ደንበኛዋን ደስ ያሰኘች መስሏት እንቁላሎቹን ሁሉ እስኪያብረቀርቁ በውሃ አጥባ ጠበቀቻት። ሄርሚኒያ አንዱንም ሳትነካ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ተመለሰች። «ፈጣሪ ያለበሰውን ልብስ ገፈሽ ጣልሽው» አለቻት ከበሩ ላይ ሆና። «አሁን የነካው ቆሻሻ ሁሉ እየሰረገ ይገባል። ኩስ ቢኖርበት በደረቅ ጨርቅ እጠርገው ነበር፤ መታጠብ ያለበት ወደ ምጣድ ሊገባ ሲል ብቻ ነው።» ኦቲሊያ ከዚያ ወዲህ እንቁላል አላጠበችም። ተምራ አይደለም፤ ሄርሚኒያን ማጣት ስለማትፈልግ ነው።

እቤት ስትደርስ እንቁላሎቹ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ከተማችን ሙቀት አያጣትም፤ ከወንዙ የሚነሣው ወበቅ ግድግዳውን ያልበዋል፣ ጨውን ያቀልጠዋል፣ ሰውንም ከምሳ በኋላ እንደ ሰከረ ያንገዳግደዋል። የሄርሚኒያ ጓዳ ግን ሌላ አገር ነው። መሬቱ ሸክላ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ጥግ ላይ የውሃ እንስራ አለ፤ ከመስኮቱ መዝጊያ በአንዲት ቀዳዳ ብቻ የፀሐይ ጨረር ይገባል። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ጀልባ ጠጋኝ ነበር፤ ከተረፈው ጣውላ ረድፍ ረድፍ ቀዳዳ የበሳለት የእንቁላል መደርደሪያ ሠርቶላት ሄዷል። እንቁላሎቹ ሹል ጫፋቸው ወደ ታች፣ የቆዩት ከፊት፣ አዲሶቹ ከኋላ ሆነው ይደረደራሉ። ከፊት ይነሣል፣ ከኋላ ይተካል። ፍሪጅ አላት፤ መብራቱ ግን እንደ ፈለገ ይመጣል፣ እንደ ፈለገ ይሄዳል። «የቀዘቀዘ እንቁላል ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል፣ ላቡን ደግሞ መልሶ ይጠጣዋል» ትላለች። «ወይ ቀዝቅዞ ይኑር፣ ወይ ጓዳ ይኑር። ሁለት ቤት ያለው እንቁላል አልወድም።»

ከመደርደሯ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን በጭብጧ ይዛ በዚያች የፀሐይ ጨረር ላይ ታሳየዋለች። እንቁላሉ ከውስጡ ይበራል፤ ጓዳው በሙሉ ጨልሞ እሱ ብቻ የመሸበት ትንሽ ቤት ይመስላል። ሄርሚኒያ እዚያ ላይ ትቆያለች። ጥላ አለ ወይስ የለም ለማለት ያን ያህል መቆም አያስፈልግም ነበር። ቂጣው ሲያርር፣ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ፣ እሷ እጇ ውስጥ ያለውን ብርሃን እያየች የሆነ ቦታ ሄዳለች። ሰፈሩ ይህን ያውቃል፤ ዕድሜ ነው ብሎ ትቶታል።

ከፋሲካ በኋላ የወንድሟ ልጅ ኔሬይዳ እሷ ጋ መጣች። የኔሬይዳ ባል ባሕር ላይ ነዳጅ ከሚያወጡት ጋር ነው የሚሠራው፤ አንዴ ከሄደ ብዙ ይቆያል። ኔሬይዳ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር። ሌዮኖር የተባለች ሴት ልጅ፣ ሳምንት ሳትሞላ አረፈች። እናትየው ከሆስፒታል ስትወጣ ሰው ሁሉ ደግ ሊሆን ፈልጎ ደግነቱን አበዛው። አልጋውን አንዱ ወሰደው፣ አንሶላውን ሌላው፤ ልብሶቹን ራሷ ሄርሚኒያ አጥፋ ለደብሩ ሰጠች። ዓይኗ ካላየው ልቧ ይረሳዋል ብለው ነው። የልጅቱን ስም የሚያነሣ ጠፋ።

ኔሬይዳ አላለቀሰችም። ቀን ቀን ከጣሪያው በተንጠለጠለው የመኝታ መረብ ላይ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች፤ ሲጠሯት ከወንዙ ማዶ እንደ ሰማች ዘግይታ «አቤት» ትላለች። ሾርባውን ታማስለዋለች እንጂ አትጠጣውም። የእጅ አንጓዋ ቀጥኖ አምባሯ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀመር። ሄርሚኒያ ይህን አምባር ባየች ቁጥር ሾርባውን መልሳ ታሞቀዋለች። ልጅቷ በአክስቷ ዓይን ፊት እየሟሟች ነበር፤ እንዲህ ከቀጠለችም ሁለተኛ መቃብር እንደሚቆፈር ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ጥሬ እንቁላል በብርቱካን ጭማቂ መትተሽ በየጠዋቱ አጠጫት» አለች ኦቲሊያ። «እኔን ከአራስ ቤት ያስነሣኝ እሱ ነው።»

«አንቺን ከአራስ ቤት ያስነሣሽ ወሬ ነው። በዚህ ሙቀት፣ እንደዚህ ለደከመች ሴት ጥሬ እንቁላል? አስኳሉ ድንጋይ እስኪሆን ቀቅዬ ነው የምሰጣት።»

«እሺ ይሁን፣ ቀቅለሽ ስጪያት። ግን ልጅቷ ደንግጣለች አበልጄ። ነፍሷ ደንግጣ ወጥታለች። ይሄ በምግብ አይመለስም። ዶን ፕላሲዶን ጥሪ።»

ዶን ፕላሲዶ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። በሳምንቱ ቀናት ጢም ይላጫሉ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ የደነገጠ ሰው ድንጋጤውን በቅጠልና በእንቁላል ይጠርጉለታል። ለሁለቱም ሥራ ያንኑ ነጭ ጋወን ነው የሚለብሱት። መጡና ኔሬይዳን በር ላይ አስቀመጧት፤ ከሄርሚኒያ መደርደሪያ የዚያን ዕለት እንቁላል ተቀበሉ። በሶብላና ጤና አዳም አንድ ላይ አስረው በአረቄ ነከሩ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ እንቁላሉን ከግንባሯ ጀምረው በአንገቷ፣ በደረቷ፣ በባዶ ሆዷ ላይ ቀስ እያሉ አንከባለሉት። ቤቱ ጤና አዳም ጤና አዳም ሸተተ። ጸሎታቸው እንደ ንብ ጥዝ ይላል። ሄርሚኒያ ከጓዳው በር ቆማ ስታይ ራሷም ዓይኗ ሊከደን ደረሰ፤ ጊዜው ወደ ኋላ የሚሄድ መሰላት፤ ሌላ እጅ፣ ሌላ በር፣ ያው ሽታ። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተመለሰች።

«ከብዷል» አሉ ዶን ፕላሲዶ እንቁላሉን በመዳፋቸው እየመዘኑ። «ሐዘኑ በሙሉ እዚህ ውስጥ ገብቷል። እንዳይሰበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ በገዛ እጅሽ ወንዝ ትጨምሪዋለሽ፤ ሌላ ሰው ቢጥልልሽ አይሠራም። ገባሽ ልጄ?»

ኔሬይዳ ራሷን ነቀነቀች። እንቁላሉን በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች።

«እርስዎ ደግሞ እጅዎን ይታጠቡ» አለች ሄርሚኒያ፣ ሽማግሌው የቀረበላቸውን ዳቦ ሊያነሡ ሲሉ።

«ምን ነካሁ? የተቀደሰ ሥራ ነው የሠራሁት።»

«እንቁላል ነክተዋል። ቅርፊቱ ከየት እንደ ወጣ ልንገርዎት ወይስ ሳሙናው ይበቃዎታል?»

ዶን ፕላሲዶ ታጠቡ። ኔሬይዳም ምሽት ላይ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ሄርሚኒያ ያን ዕለት ትልቅ ሸክም ከላይዋ የወረደ ያህል ተንፍሳ ተኛች።

ግን ምንም አልተለወጠም። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ አምባሩ እስከ ክርን መንሸራተቱን አልተወም። አንድ አዲስ ነገር ብቻ መጣ፦ ኔሬይዳ ጓዳውን ወደደች። «አክስቴ፣ እንቁላሉን እኔ ላምጣልሽ» ትላለች። በየጠዋቱ ጨለማው ውስጥ ገብታ ትቆያለች፤ የቆየውን ከፊት አንሥታ ትመጣለች። ሄርሚኒያ ደስታዋ ወደር አልነበረውም። የእንቁላል ነገር የገባት ሰው በቤተ ሰቡ ተገኘ ብላ ለኦቲሊያ አፏን ሞልታ አወራች። «አስተውለሽ እንደሆነ፣ ስትገባም ሹክክ ብላ ነው፤ የተኛ ልጅ እንዳይነቃባት የምትፈራ ነው የምትመስለው» አለች፤ ከአፏ የወጣውን ሰምታ ግን ወሬውን ለወጠች።

አንዳንዴ ከምሳ በኋላ፣ ወበቁ ከተማውን ሁሉ ዓይኑን ሲከድነው፣ ሄርሚኒያ በመቀመጫዋ ላይ ሸለብ ያደርጋታል። በእንቅልፉና በንቃቱ መሐል ከጓዳው ድምፅ የሚመጣ ይመስላታል፤ ሰው የሚያንጎራጉር፣ ሕፃን የሚያባብል ዓይነት። ጤና አዳም ይሸታታል። ዓይኗን ስትገልጥ ግን ዝንብ ነው፣ ወንዙ ነው፣ የጀልባ ሞተር ነው። ጤና አዳሙ የግቢው ነው ብላ ታልፈዋለች። ግቢዋ ውስጥ ጤና አዳም እንደሌለ ያን ሰዓት አይታወሳትም።

የሳን ሁዋን፣ የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ደረሰ። በዋዜማው ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ እስኪነጋ ይዘፈናል፤ የሄርሚኒያ ድርሻ ደግሞ ከአስኳልና ከስኳር የሚሠራው ጣፋጭ ነው። ለዚህ ብዙ እንቁላል ይፈሳል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በፊት፣ ኔሬይዳ መረቡ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ መደርደሪያውን በሙሉ ባዶ አደረገችው። እንቁላሎቹን የድሮውን ከአዲሱ ሳትለይ በትልቅ ሳፋ ከመረች፤ ጣውላውን በኮምጣጤ ወልውላ ፀሐይ ላይ አወጣችው። እጇን ታጠበች፣ ስኒዋን ያዘች፣ ተቀምጣ መስበር ጀመረች። መጀመሪያ ስኒው ውስጥ ነው የምትሰብረው፤ ደህና ከሆነ ወደ ጎድጓዳው ሳህን ይገለበጣል። አንዱ የተበላሸ ሌሎቹን ይዞ እንዳይጠፋ ነው።

ጥቂት እንደ ሰበረች ኔሬይዳን በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«አክስቴ፣ የኋላው ረድፍ የት አለ?»

«ሁሉም እዚህ አለ። ጣውላውን ልጠብ ብዬ ነው። ነይ አስኳሉን ለይልኝ።»

«ከኋላ፣ ጥግ ላይ የነበረው… የቱ ነው?» ኔሬይዳ ሳፋው ላይ ተንበረከከች። እንቁላሎቹን በሁለት እጇ እያገላበጠች ማየት ጀመረች፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ መልክ። «የቱ ነው? አክስቴ የቱ ነው? ሰብረሽዋል? በላነው እንዴ? ንገሪኝ!»

«ምን ሆነሻል? የምን እንቁላል?»

«የሷ!» ብላ ጮኸች ኔሬይዳ። «የልጄ!»

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ያን ዓርብ ወንዝ ዳር ደርሳ ነበር። እጇን ዘርግታም ነበር። ጣቶቿ ግን አልከፈት አሏት። ሐዘኑ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው ብለዋታል፤ እንግዲህ ሌዮኖር እዚህ ውስጥ ናት ማለት ነው። ከልጅቷ የቀራት ይህ ብቻ ነው። የት ታስቀምጠው? በዚህ አገር እንቁላል የማይሰበርበት፣ የማይሞቅበት፣ ማንም እንደዋዛ የማይነካበት አንድ ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ ማታ ተመልሳ አክስቷ መደርደሪያ ላይ ከአዲሶቹ ጀርባ አስቀመጠችው። ሄርሚኒያ ከፊት ስታነሣ ረድፉ ይቀርባል፤ ኔሬይዳ እየገባች መልሳ ወደ ኋላ ታደርገዋለች። የሷ ጠዋት ጠዋት ጓዳ መግባት ይህ ኖሯል።

ሄርሚኒያን መጀመሪያ የያዛት ንዴት ነው። ከሰው ላብና ከአረቄ ጋር የታሸ እንቁላል፣ ከሚበላው መሐል፣ በሰኔ ሙቀት፣ በሷ ቤት! ከዚያ የልጅቷን እጆች አየች። እንቁላሎቹን የምታገላብጠው ልክ ሕፃን እንደሚያዝ ነበር፤ ጭንቅላታቸውን በመዳፏ እየደገፈች። ንዴቱ ወዴት እንደ ገባ ሄርሚኒያ አላወቀችም፤ ሐፍረት ተካው።

«አልሰበርኩትም» አለች። «ስሚኝ። ያን ያህል የቆየ እንቁላል ብሰብር ኖሮ ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ በወጣ ነበር። እዚህ ሳፋ ውስጥ ነው። ተነሺ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ።»

ባልዲ ውሃ መጣ። ሄርሚኒያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ቀስ እያደረገች ታወርዳቸው ጀመር። አንዱ ሄዶ ከባልዲው ሥር ተጋደመ። ሌላውም ተጋደመ። ኔሬይዳ ትንፋሿን ውጣ ታያለች። አንዱ ሥር ላይ ሆኖ በሹሉ ቆመ፤ «ይሄ ቆየት ብሏል፣ ግን ደህና ነው» አለች ሄርሚኒያ፤ ለራሷ ይሁን ለኔሬይዳ አልታወቀም። እንዲህ እያለ ሳፋው እየጎደለ ሄደ። ከዚያ አንዱ ከእጇ እንደ ለቀቀ አልወረደም። ውሃው ላይ ቀረ፤ ወገቡን ከውሃው አውጥቶ እየተወዛወዘ ቀስ ብሎ ዞረ። ሄርሚኒያ አንሥታ አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው። ጤና አዳም።

በሄርሚኒያ ቤት የተበላሸ እንቁላል ሌላ ትንፋሽ አይሰጠውም፤ ያኔውኑ ይወጣል። አሁን ግን ይዛው ቆመች። ኔሬይዳ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ሄርሚኒያም በጨርቅ ጠቅልላ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«በቀስታ ያዢው። ውስጡ ሞልቷል፤ ትንሽ ከተጫንሽው ይፈነዳል።» ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ኔሬይዳ፣ ይሄ መውጣት አለበት። ታውቂያለሽ።»

«ብጥለው ትሄዳለች።» እንባ የሌለው ድምፅ ነበር። «ልብሷን ሰጣችሁት። አንቺ ነሽ የሰጠሽው። ስሟን የሚጠራ የለም። አባቷ እንኳን ሲደውል ስለ ዝናቡ ነው የሚያወራኝ። ይሄንን ደግሞ ብጥለው፣ እሷ መቼ ነበረች? ማን አየኋት ይላል? አንቺ ንገሪኝ አክስቴ፣ ዶን ፕላሲዶን አልጠይቅም። ብጥለው እረሳታለሁ?»

ከግድግዳው ማዶ ሰዎች ለበዓሉ ጀልባ እያስጌጡ ይሳሳቃሉ። ሄርሚኒያ ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ተመልሳም ከጎኗ ተቀመጠች።

«እኔም ጥያለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንዳንቺው። ካንቺ በጣም አንስ ነበር። አባትሽ እንኳን ያኔ ሕፃን ስለ ነበር አያውቅም፤ ከእናቴና ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም። ወንድ ልጅ ነበር። ተወልዶ እስከ ማታ ቆየ። እናቴ እንቁላል አስዞረችብኝ፣ ክርኔን ይዛ ወንዝ ወሰደችኝ፣ ‹ጣይ› አለችኝ፣ ጣልኩ። ‹በቃ፣ ወንዙ ወሰደው› አለችኝ። እኔም አመንኳት።»

«ረሳሽው?»

«አንድም ቀን።» ሄርሚኒያ ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ግን ምንም አልነበረባቸውም። «እኔ የምልሽ ይሄን ነው። ወንዙ ምንም አልወሰደብኝም። አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ‹ከጣልሽው በኋላ ምን መብት አለሽ› አልኩ ለራሴ። ስሙን አልጠራሁም። ባሌ ሊያነሣው ሲል ተነሥቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። እሱም ተወው፣ ሞተም። ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ የልጅሽን ልብስ አጣጥፌ ሰጠሁ። እናቴ ያደረገችኝን እኮ ነው ያደረግሁሽ! ይቅር በይኝ። በእንቁላሉ ውስጥ አይደለችም ሌዮኖር። ይሄ የተበላሸ እንቁላል ነው። ልጅሽን እዚህ ቤት ማንም አይጥላትም፤ ስሟን እኔ እጠራዋለሁ፣ በየቀኑ እጠራዋለሁ።»

ኔሬይዳ የሌዮኖርን ስም ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ልጅቷ ከተቀበረች ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አለቀሰች። ሄርሚኒያ አላባበለቻትም፤ እንቁላሉን ከእጇ እንዳይወድቅ ብቻ ከሥር ደግፋ ያዘችላት፤ እንዲህ ሆነው ልቅሶው እስኪወጣላት ቆዩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዝ ወረዱ። ዶን ፕላሲዶ ያሉት ዓርብ አልፏል፤ ዕለቱም ዓርብ አልነበረም፤ ሄርሚኒያ ስለዚህ አልተጨነቀችም። ውሃው በዚያ ሰዓት ወፍራምና ወርቃማ ነው፣ የሚፈስ አይመስልም። ኔሬይዳ እስከ ጉልበቷ ገብታ ጨርቁን ፈታች። ክርኗን የያዘ ሰው አልነበረም። ጣቶቿን በራሷ ጊዜ ከፈተች፤ እንቁላሉ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ተንሳፍፎ፣ በብርሃኑ መሐል ሄደ። ሁለቱም እስኪሰወር አዩት።

«አሁን እጅሽን» አለች ሄርሚኒያ፣ ከኪሷ ሳሙና እያወጣች።

ኔሬይዳ ሳሙናውን አየች፤ አክስቷን አየች። «ለዚህም ይዘሽ መጣሽ?»

«የተበላሸ እንቁላል ነክተሻል እኮ!»

ኔሬይዳ ሳቀች። አፍንጫዋ ከልቅሶው እንደ ቀላ፣ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ እንደ ሆነ ሳቀች፣ እጇንም በደንብ አድርጋ ታጠበች። ከዚያ ድንጋዮቹ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸው ይደርቅ ብለው ነው፣ ወይም ወደ ቤት መሄድ ስላልፈለጉ።

«አክስቴ፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ኢሲድሮ።» ከአፏ ሲወጣ እንግዳ ሆነባት። ደገመችው። «ኢሲድሮ። አዋላጇ ናት ቶሎ ብላ ያጠመቀችው።»

«ዓይኑስ? ማንን ይመስል ነበር?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው በሕይወቷ አልነበረም። ሄርሚኒያ ለመመለስ ስትል ጉንጯ መርጠቡን አወቀች፤ አልጠረገችውም።

«ዓይኑን አልገለጠም» አለች። «ጆሮው ግን የአባቴ ጆሮ ነበር። ትልልቅ። የሚያስቅ ጆሮ። ይዤው ምን አሰብኩ መሰለሽ? ሲያድግ ልጆች ያሾፉበታል ብዬ ተጨነቅሁ። ሲያድግ! የሌዮኖርስ?»

«ፀጉር ነበራት» አለች ኔሬይዳ። «ብዙ ፀጉር። ነርሶቹ እየመጡ ይዳብሱት ነበር።»

ጣፋጩ በዚያ ዓመት ለበዓሉ አልደረሰም። ፀሐይ ጠልቃ ከተማው በሙሉ ጊታሩን ይዞ እየዘፈነ ሊታጠብ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ሁለቱ ሴቶች ገና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው እያወሩ ነበር።